ልጄን ጉንፋን አልለቀው አለ፤ ምን ላብላው?

ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ዓመት አይሞላውም። ሳሉ ለቀቀው ስትሉ ንፍጡ ይጀምራል፣ ንፍጡ ደረቀ ስትሉ ሌሊት ትኩሳት ይነሣል፣ ሦስት ቀን መዋያ ሄዶ አራት ቀን ቤት ይውላል። አንዱ «ኢሚዩኒቲው ወርዶ ነው» ይላችኋል። ሌላው ቫይታሚን ስጡት ይላል። ሦስተኛው ወተት አቁሙ፣ አራተኛው ማር አልሱት። እናት መሐል ላይ ቆማ «ጥፋቱ የኔ ይሆን እንዴ?» ትላለች። እኔም እዚያ ቦታ ቆሜ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ነገሩን ረጋ ብዬ ላስረዳ የፈለግሁት።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ብቻውን ግማሹን ጭንቀት ያቀላል። ጤነኛ፣ በደንብ የሚበላ፣ ክብደቱ የሚጨምር ትንሽ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ሊይዘው ይችላል። ከሌሎች ልጆች ጋር የሚውል ከሆነ 10 እና 12 ጊዜም ይደርሳል። አንዱ ጉንፋን ከነሳሉ 10 ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ይቆያል። እስቲ 8ን በ10 አባዙት፤ 80 ቀን ነው። ይህ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይበተንም። ሰው በር ዘግቶ ተጠጋግቶ በሚቀመጥበት ወቅት ላይ ይከማቻል። በእነዚያ ወራት ልጁ አንድ የማይድን በሽታ ያለበት ይመስላል፤ እውነታው ግን አምስት የተለያዩ ጉንፋኖች ተከታትለው መምጣታቸው ነው።

ለምን ይህን ያህል? ጉንፋን የአንድ ቫይረስ ስም ስላልሆነ። ራይኖቫይረስ የሚባለው ብቻውን ከ100 በላይ ዓይነት አለው፣ ሌሎቹን ሳንቆጥር። ልጁ አንዱን ሲያሸንፍ ሰውነቱ ያንን አንዱን ያውቀዋል እንጂ ቀጣዩን አያውቀውም። ከእናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል የወረሰው ፀረ እንግዳ አካል (ጀርም የሚዋጋው የሰውነት መከላከያ) ደግሞ እስከ ስድስት ወር ገደማ እየሳሳ ያልቃል። ስለዚህ ከስድስት ወር ጀምሮ እስከ ሦስት፣ አራት ዓመት ድረስ ያለው ጊዜ ሰውነቱ በሽታዎችን አንድ በአንድ እየተዋወቀ የሚያልፍበት ነው። ይህን ማንም ምግብ አያስቀረውም።

ታዲያ ምግብ ምን ያደርጋል? ብዙ ያደርጋል፤ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ምግብ ቫይረሱ እንዳይገባ በር አይዘጋም። ምግብ የሚወስነው ቫይረሱ ከገባ በኋላ ያለውን ነው። አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል ወይስ ወደ ሳንባ ይወርዳል? በሳምንት ይለቀዋል ወይስ ወር ይጎትተዋል? ልጁ ሲነሣ የሚቀጥለውን ጉንፋን ሙሉ ሆኖ ነው የሚጠብቀው ወይስ ተሟጦ? እኔ ትልቁ ቁም ነገር ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል። ሁላችንም የምንጨነቀው ልጁ እንዳይታመም ምን እናብላው እያልን ነው፤ ታሞ ሲነሣ ምን እንደምናበላው ግን ብዙ አናስብም።

ዙሩ እንዴት እንደሚሽከረከር

ትኩሳት ያለበት ልጅ ሰውነት እንደ ሞተር ነው፣ ነዳጅ ያቃጥላል። የሙቀት መጠኑ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል ከ10 እስከ 13 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ልክ በዚያው ሰዓት ደግሞ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል። አፍንጫው ስለተደፈነ ጡት እየጠባ መተንፈስ አይችልም፣ ጉሮሮው ስለቆሰለ መዋጥ ያመዋል፣ ሲያስል ያስመልሰዋል። ወጪው ጨመረ፣ ገቢው ቀነሰ። ሰውነቱ ያለው አማራጭ ከራሱ መብላት ነው፤ ከጡንቻው ፕሮቲን ይወስዳል፣ ያጠራቀመውን ቫይታሚን ኤ እና ዚንክ ያወጣል። ከአራት፣ አምስት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ይለቀዋል፣ ልጁ ይጫወታል፣ እኛም «ተመስገን ዳነ» ብለን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ክብደቱ ግን ገና አልተመለሰም። በዚህ መሐል ቀጣዩ ጉንፋን ይመጣል።

ይህ ዙር በሳይንስ ዘንድ አዲስ አይደለም። ኔቪን ስክሪምሾው የተባሉ የሥነ ምግብ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1968 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ባሳተሙት ሰፊ ሥራ ያስረዱት ይህንኑ ነበር። የምግብ እጥረትና ኢንፌክሽን ተጋግዘው ይጎዳሉ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ጉዳቱ የሁለቱ ድምር ብቻ ሳይሆን ከዚያ የበለጠ ነው። በጣም የተጎዳ ልጅ ላይ ነገሩ በዓይን እስከሚታይ ይደርሳል። ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው፣ የበሽታ ተከላካይ ሴሎች የሚሠለጥኑበት ቲመስ የሚባለው እጢ በምግብ እጥረት ይኮማተራል።

ግን ልብ በሉ፣ ይህ የሚሆነው በግልጽ የከሳ ልጅ ላይ ብቻ አይደለም። ወፍራም የሚመስል ልጅም ሊጎድለው ይችላል። ቀኑን ሙሉ ወተትና ብስኩት ብቻ የሚበላ ልጅ ጉንጩ ሞልቶ ብረቱና ዚንኩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ይህ የተደበቀ ረሃብ ይባላል፣ ስሙም ልክ ነው።

የሚጎድሉት ነገሮች

ከሁሉ በፊት ስለ ቫይታሚን ኤ ላውራ፣ ምክንያቱም ታሪኩ ራሱ አስተማሪ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ሶመር የተባሉ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ኢንዶኔዥያ ውስጥ በቫይታሚን ኤ እጥረት ስለሚመጣ የልጆች መታወር ያጠኑ ነበር። የሚፈልጉት የዓይን ነገር ነው። መረጃውን ሲያገላብጡ ግን ያልጠበቁትን አዩ። እጥረቱ ቀላል የሆነባቸው፣ ማታ ማታ ማየት ከመቸገር ያልዘለለ ምልክት ያላቸው ልጆች፣ ከሌሎቹ ይልቅ በብዙ እጥፍ እየሞቱ ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. ደግሞ እነዚሁ ልጆች በመተንፈሻ አካል ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳወቁ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የአፍንጫችን፣ የጉሮሯችንና የሳንባ ቧንቧችን ውስጠኛ ሽፋን እርጥብ ነው፤ አቧራና ጀርም የሚይዝ ንፍጥ ያመነጫል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ያንን ንፍጥ ወደ ላይ የሚጠርጉ ፀጉር መሳይ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ያ ሽፋን ሳይበላሽ እንዲታደስ ቫይታሚን ኤ ያስፈልገዋል። ሲያጣ ይደርቃል፣ ይሻክራል፣ መጥረጊያዎቹ ይረግፋሉ።

እዚህ ላይ ግን ሐቁን ሙሉ ልናገር። በኋላ የተሠሩት ጥናቶች እንዳሳዩት እጥረት ባለበት አካባቢ ቫይታሚን ኤ መስጠት የልጆችን ሞት ይቀንሳል፣ በተለይ ከተቅማጥና ከኩፍኝ ጋር የተያያዘውን። ተራ ጉንፋንንና የሳንባ ምችን ግን በግልጽ አልቀነሰም። እጥረት የሌለበት ልጅ ላይ ተጨማሪ ማጉረስ ደግሞ ጥቅም የለውም፤ ቫይታሚን ኤ ጉበት ውስጥ ስለሚጠራቀም ሲበዛ ይመርዛል። በጤና ዘመቻ ላይ የሚሰጠው ከ6 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 100,000 ዩኒት፣ ከዓመት በላይ ላለው 200,000 ዩኒት ሆኖ ለወራት ይበቃዋል። በምግብ በኩል ከሆነ ግን አትፍሩ። እንቁላል፣ ወተት፣ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎ ሁሉ ይሰጡታል። ቅጠሉና ካሮቱ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ካልተጨመረበት ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ጉበትም በጣም ብዙ አለው፤ ስለዚህ በሳምንት አንዴ ትንሽ ይበቃል።

ዚንክ ብዙ ሰው ከተቅማጥ ጋር ብቻ ያውቀዋል። ተከላካይ ሴሎች ሲባዙ ግን ያለ እሱ አይሆንላቸውም። በምግብ ዚንክ በሚያንስባቸው አካባቢዎች ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ለወራት ዚንክ ሲሰጥ የሳንባ ምች በ13 ከመቶ ገደማ ቀንሷል። ብዙ አይደለም፣ ግን እውነተኛ ነው። ሥጋ፣ አሣ፣ እንቁላል ውስጥ አለ። ጥራጥሬና እህል ውስጥም አለ፣ ችግሩ እነሱ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ዚንኩንም ብረቱንም አስሮ መያዙ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ጥራጥሬውን ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ማብቀል ወይም ማቡካት እስሩን ያላላዋል።

ብረት ላይ ሲደረስ ብዙ ወላጅ የሚገርመው አንድ ቁጥር አለ። የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ ከ7 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በቀን 11 ሚሊ ግራም ብረት ይመክራል፤ ለአዋቂ ወንድ የሚመክረው 8 ነው። አንድ ፍሬ የምታህል ልጅ ከአባቷ የበለጠ ብረት ትፈልጋለች ማለት ነው! ከእናት ማሕፀን ይዛው የመጣችው ክምችት እስከ ስድስት ወር ገደማ ብቻ ያደርሳታል። የእናት ጡት ወተት እጅግ ብዙ ነገር ቢሰጥም ብረቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ ስድስተኛው ወር ላይ የሚጀመረው ምግብ ውኃ የበዛበት የእህል ገንፎ ብቻ ከሆነ ክፍተቱ ከዚያ ይጀምራል። ሥጋ ከተገኘ በደንብ ተፈጭቶ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይሰጣል። ጥራጥሬ ከሆነ ቲማቲም፣ ብርቱካን ወይም ሌላ ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር አብሮ ይብላ፣ ብረቱ በተሻለ ይገባል። ሻይ ደግሞ ያግደዋል፤ ለሕፃን ሻይ አትስጡ። የብረት ጠብታን ግን በገዛ እጃችሁ አትጀምሩ። ለባክቴሪያም ብረት ምግቡ ነው፤ ሐኪም ሳያዝ መስጠት አይገባም፤ የአዋቂ የብረት ኪኒን ደግሞ ሕፃን አግኝቶ ከዋጠው ሕይወቱን ሊያሳጣው ስለሚችል ከፍ አድርጋችሁ ቆልፉበት።

ቫይታሚን ዲን ምግብ ማለት ይከብዳል፣ ዋናው ምንጩ ቆዳ ላይ የሚያርፍ ፀሐይ ስለሆነ። በጣም ሲጎድል ሪኬትስ ያመጣል፣ የልጁ አጥንት ይለሰልሳል። ከሳንባ ጋር ምን አገናኘው? የጎድን አጥንቱም ስለሚለሰልስ ደረቱ አየር ስቦ፣ በኃይል አስሎ አክታ ማውጣት ያቅተዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ከገቡ 500 ልጆች መካከል 210ሩ ላይ ሪኬትስ አገኘ፤ ለማነጻጸር ከተወሰዱት 500 ልጆች ግን 20ዎቹ ላይ ብቻ። በጣም ትልቅ ልዩነት ነው። ለተራ ጉንፋን ግን ቫይታሚን ዲ ተስፋ የተጣለበትን ያህል አልሆነም። በ2017 እ.ኤ.አ. 25 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ በትንሹ ሲሰጥ ይጠቅማል አለ፤ በኋላ ሌሎች ጥናቶች ሲጨመሩ ጥቅሙ እየደበዘዘ ሄደ። ለጡት ጠቢ ሕፃን በብዙ አገር የሚመከረው በቀን 400 ዩኒት ጠብታ ግን ለአጥንቱ ሲባል ያስፈልገዋል።

እነዚህን አንድ በአንድ ዘረዘርኳቸው እንጂ በልጁ ሳህን ላይ ተለያይተው አይመጡም። የዓለም ጤና ድርጅት የምግብ ዓይነቶችን በስምንት ምድብ ከፍሎ፣ ከ6 እስከ 23 ወር ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ ከአምስቱ መብላት አለበት ይላል። የጡት ወተት ራሱ አንዱ ምድብ ነው። ሌሎቹ እህልና ሥራ ሥር፣ ጥራጥሬና ለውዝ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ ሥጋና አሣ፣ እንቁላል፣ በቫይታሚን ኤ የበለጸገ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ሌላ አትክልትና ፍራፍሬ ናቸው። አምስት ሲባል ብዙ ይመስላል። ጡት የሚጠባ ልጅ ምስር በካሮት፣ አንድ እንቁላልና ገንፎ ከበላ አምስት ሞላ። ቫይታሚን በሽሮፕ ከመግዛት በፊት ይህን ቁጠሩ።

ስለ ጡትም ሳልናገር አላልፍም። የጡት ወተት ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል የሕፃኑን ጉሮሮና አንጀት ይለብጠዋል። እናትንም ያው ጉንፋን አብሮ ስለሚይዛት ደግሞ ልክ ለዚያ ጉንፋን የሚሆነውን አዘጋጅታ ትሰጠዋለች። ጡት የሚጠቡ ሕፃናት በሳንባ ኢንፌክሽን ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው ከማይጠቡት በግልጽ ያነሰ ነው። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ። እናት ራሷ ጉንፋን ሲይዛት ማጥባት ማቆም የለባትም። እጇን ታጥባ፣ አፍንጫና አፏን ሸፍና ትቀጥል። ወተት እምቢ ያላት፣ ወይም በሌላ ምክንያት ያላጠባች እናት ደግሞ ይህን አንብባ ራሷን አትውቀስ። ያለው ልጅ የሚያድገው ዛሬ በሚበላው ነው።

ስለሚባሉት ነገሮች

ወተት ንፍጥ ያበዛል ይባላል። አያበዛም። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ላይ በጎ ፈቃደኞች የጉንፋን ቫይረስ ተሰጥቷቸው የሚጠጡት ወተትና የሚወጣቸው ንፍጥ ተለክቶ ነበር፣ አልተገናኘም። ወተት ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል ስለሚወፍር ጉሮሮ ላይ የከበደ ይመስላል፣ ያ ነው ስሜቱ። የወተት አለርጂ ያለበት ልጅ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን ሐኪም ያረጋግጣል። እንዲሁ ተነሥቶ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ መከልከል ግን የታመመን ልጅ ማስራብ ነው። በሌላ በኩል ከዓመት በላይ የሆነ ልጅ በቀን ከግማሽ ሊትር ብዙ አልፎ ወተት ከጠጣ ሆዱ ለሌላ ምግብ ቦታ አይኖረውም፣ የደም ማነስ ይከተላል። ዓመት ያልሞላው ደግሞ የላም ወተት ዋና መጠጡ መሆን የለበትም።

ቫይታሚን ሲስ? ሊነስ ፖሊንግ የተባሉ ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለሙ ሳይንቲስት በ1970 እ.ኤ.አ. ብዙ ቫይታሚን ሲ ጉንፋንን ይከላከላል ብለው ከጻፉ ወዲህ ዓለም ሁሉ አመነ። ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ግን በየቀኑ መውሰድ በተራው ሰው ላይ ጉንፋን እንዳይዝ አላደረገም። በልጆች ላይ የሕመሙን ጊዜ በ14 ከመቶ ገደማ አሳጠረ። የ7 ቀኑ ጉንፋን 6 ቀን ሆነ እንበል። ከፍራፍሬ ይብላው፣ ደስ ይበለው፣ ተአምር ግን አትጠብቁ። ጭማቂ ሲሆን ደግሞ ዓመት ላልሞላው አይሰጥም፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለው በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር አይለፍ። ስኳሩ ይበዛል፣ የምግብ ፍላጎቱንም ይዘጋዋል።

ቀዝቃዛ ነገር መብላት ጉንፋን አያስይዝም፣ ቫይረስ ነው የሚያስይዘው። ጉሮሮው ለቆሰለ ልጅ ቀዝቀዝ ያለ እርጎ እንዲያውም ይሻለዋል። ማር ለሌሊት ሳል በእርግጥ ይረዳል፣ ከመኝታ በፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን በፍጹም፣ በጣት ጫፍ እንኳ አይቀመስም። ማር ውስጥ የሚገኝ፣ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ የሚያመጣ የባክቴሪያ ዘር ሕፃኑ አንጀት ውስጥ ሊበቅልና መተንፈሻውን ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል፣ እሱም በግድ ማብላት ነው። ልጁን አጋድሞ፣ እጁን ይዞ፣ አፍንጫውን ዘግቶ ማጉረስ። ከፍቅር የመጣ ነው፣ አውቃለሁ፤ እናት ልጇ ሲከሳ እያየች እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አትችልም። ነገር ግን እያለቀሰ የሚውጥ ልጅ ምግቡን ወደ ሳንባው ይስበዋል። ከዚያ የሚመጣው የሳንባ ምች ነው፣ እየተመላለሰ የሚመጣ። በጠርሙስ አጋድሞ ማጠጣትም የጆሮ ኢንፌክሽን ያባብሳል። ያልተፈጨ ለውዝና ጠንካራ ፍሬም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። አንዲት ፍሬ ቧንቧው ውስጥ ገብታ ከቀረች ያው አንድ የሳንባ ወገን ደጋግሞ ይታመማል፣ ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይም ይችላል። ልጅን አስቀምጡት፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፣ እየተጫወታችሁ አብሉት።

ምግብ ብቻውን የማይሠራቸውም አሉ። ልጁ የሚውልበት ክፍል ውስጥ የሲጋራ ወይም የማብሰያ ጭስ ካለ ምንም ያህል ብታበሉት ሳንባው አያርፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የቤት ውስጥ ጭስ በልጆች ላይ የሳንባ ምችን አደጋ ወደ እጥፍ ያደርሰዋል። ክትባቱ በጊዜው ይሞላ፣ እጅ ይታጠብ። ቫይረስ ባመጣው ጉንፋን ላይ አንቲባዮቲክ አይሠራም፣ ሆድ ያስቀምጣል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ በሐኪም ካልታዘዘ አትጀምሩ።

«ይህ እንግዲህ ተራ አይደለም» የሚባለው መቼ ነው? በዓመት ሁለትና ከዚያ በላይ የሳንባ ምች፣ ወይም አራትና ከዚያ በላይ የጆሮ ኢንፌክሽን ከያዘው፣ ክብደቱ ለወራት ቆሞ ከቀረ፣ ሳሉ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ በጉንፋኖቹ መሐል ጨርሶ ደህና ቀን ከሌለው መመርመር አለበት። አስም፣ አለርጂ፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ ከልደት ያለ የመከላከል አቅም ችግር ሊሆን ይችላል፣ እነዚህ በካሮት አይድኑም። ወዲያውኑ የሚያስሮጠው ደግሞ አተነፋፈስ ነው። ልጁ ጸጥ ብሎ ሳለ ሆዱን እያያችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች 60 እና በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50 እና በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ከታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጠጣት ካልቻለ፣ የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ ከያዘው፣ ለመንቃት ከከበደው ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ነው።

ሲታመምና ሲነሣ

አሁን መጀመሪያ ላይ ወዳልኩት ልመለስ። በታመመበት ቀን ሙሉ ሳህን ይጨርሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ጡት የሚጠባ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ይጥባ፣ አፍንጫው ከተደፈነ ከማጥባታችሁ በፊት የጨው ውኃ ጠብታ አድርጋችሁ ጥረጉለት። ምግብ በትንሽ በትንሹ፣ በየሁለት ሰዓቱ፣ የሚወደውን ስጡት። ሦስት ማንኪያ በልቶ እምቢ ካለ ሦስት ማንኪያ በልቷል፣ በኋላ ሌላ ሦስት።

ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው ሾርባ ላይ ነው። ቀጭን መረቅ ለታመመ ሰው ይሆናል ብለን ውኃውን ብቻ እንሰጠዋለን፣ ሥጋውና ምስሩ ድስቱ ላይ ይቀራል። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ አንድ ኩባያ ማለት ነው። ያንን ኩባያ በመረቅ ከሞላችሁት ውኃና ጨው ጠጥቶ ጠገበ ማለት ነው። ምስሩን ፍጩበት፣ እንቁላል አፍርጡበት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩበት። ከማንኪያ ቶሎ የማይፈስ ወፈር ያለ ይሁን። ያው አንድ ኩባያ ነው፣ ግን የሚይዘው ኃይል በብዙ ይለያል።

ከዚያ ይድናል። ትኩሳቱ በለቀቀው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አብዛኛው ልጅ ድንገት ይርበዋል። ይህ ርሃብ የጠፋውን ሊመልስ ሰውነቱ የሚጠይቀው ነው፤ በብስኩት አታስታግሡት። ከወትሮው በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል፣ እንቁላል ወይም ጥራጥሬ ወይም ሥጋ ያለበት። አንድ መክሰስ ሊሆን ይችላል፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት ትንሽ ወፈር ያለ ገንፎ ሊሆን ይችላል። እኔ ልጄ ላይ ለውጥ ያየሁት በዚህ ነው፤ ጉንፋኑ መምጣቱን አልተወም፣ ግን እንደ ድሮው አልጋ ላይ አይጥላትም፣ በአራትና በአምስት ቀን ትነሣለች።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ሚዛን ላይ አውጡት። የዕድገት ካርዱ ላይ ያለው ነጥብ ከመታመሙ በፊት ወደነበረበት መስመር ተመልሶ እንደሆነ እዩ። ከተመለሰ የሚቀጥለውን ጉንፋን ሙሉ ሆኖ ይጠብቀዋል። ካልተመለሰ ተጨማሪውን ምግብ አታቋርጡ፣ ካርዱን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የክንዱን ዙሪያም ይለኩለት። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለ ልጅ ላይ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት አለበት፣ ከ11.5 በታች ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን ሕክምና መጀመር አለበት።